ክፉ ቀን ሲመጣ ባክቴሪያ በምን ያውቃል?

በላም አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ኑሮው የተደላደለ ነው። ሙቀቱ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ረግቶ ይኖራል፣ ምግብ ብዙም አይቋረጥበትም፣ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ከእበት ጋር ሜዳ ላይ በወደቀ ዕለት ግን ሁሉም ነገር ይገለበጥበታል። ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሌሊት ብርድ ይመታዋል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጨው አልባ ውኃ ከየአቅጣጫው ወደ ውስጡ ይገባበታል። በጎርፍ ተወስዶ ወንዝ ከደረሰ፣ ከዚያም በውኃ ወይም በጥሬ አትክልት ወደ ሰው ሆድ ከገባ፣ የጨጓራ አሲድ ይቀበለዋል። ይህን ሁሉ የሚያሳልፈው ፍጡር ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 500ኛ ክፍል ገደማ ነው። ዐይን የለው፣ ነርቭ የለው፣ አንጎል የለው። ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ፤ የሚተርፉት ግን በሽታ ለማስነሣት ሊበቁ ይችላሉ።

ታዲያ ችግር መምጣቱን በምን ያውቃል? አውቆስ ምን ያደርጋል? ከስድሳ ዓመታት በላይ የዘለቀው ምርምር ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ አስገኝቷል። አንደኛ፣ አንዳንዱን ለውጥ ባክቴሪያው በሽፋኑ ላይ በተተከሉ ፕሮቲኖች ይለካል። ሁለተኛ፣ አብዛኛውን ከባድ መከራ የሚያውቀው የገዛ አካሉ መጎዳት ሲጀምር ነው። ሦስተኛ፣ አንዳንዴ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ አደጋው ሳይመጣ በፊት ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች ተለይተው ይተኛሉ። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን በየተራ ይመለከታል። የጸሐፊው አቋም ሁለተኛው መልስ ከሁሉም የላቀ ትኩረት ይገባዋል የሚል ነው፤ መድኃኒትም ሆነ የምግብ ጥንቃቄ የሚሠራበትና የሚከሽፍበት ምክንያት በአብዛኛው እዚያ ይገኛልና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽፋን ላይ የቆሙ ጠባቂዎች

ባክቴሪያ አካባቢውን የሚለይ የራሱ መሣሪያ እንዳለው በሙከራ ካረጋገጡት መካከል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጁሊየስ አድለር ግንባር ቀደም ናቸው። በ1960ዎቹ ባካሄዷቸው ሙከራዎች ኢ. ኮላይ ወደ ስኳር የሚዋኘው ስኳሩን ስለሚመገበው እንዳልሆነ አሳዩ፤ ስኳሩን መጠቀም የማይችሉ ዝርያዎችም ወደዚያው ይዋኙ ነበር። ስለዚህ ከመመገብ የተለየ፣ ሥራው መለየት ብቻ የሆነ ተቀባይ ፕሮቲን አለ ማለት ነው። በ1972 ደግሞ ሃዋርድ በርግና ዳግላስ ብራውን አንድን ባክቴሪያ በየሄደበት የሚከተል ማይክሮስኮፕ ተጠቅመው አዋዋኙን መዘገቡ። ባክቴሪያው ጥቂት ቀጥ ብሎ ይዋኛል፣ ይገለባበጣል፣ ከዚያ በዘፈቀደ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነሣል። ነገሩ እየተሻለው ከሄደ መገለባበጡን ያዘገያል። በፊቱና በኋላው ያለውን ልዩነት ለመለካት አካሉ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ የሚያወዳድረው የአሁኑን ከጥቂት ሴኮንዶች በፊት ከነበረው ጋር ነው። ይህ አጭር ትውስታ የሚቀመጠው በተቀባይ ፕሮቲኖቹ ላይ በሚለጠፉና በሚነሡ የሜቲል ቅንጣቶች ነው።

በ1986 ከተለያዩ ባክቴሪያዎች የተገኙ የጠባቂ ፕሮቲኖች ዘረመሎች ሲነጻጸሩ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሆነው ተገኙ። አሠራራቸው በጥንድ ነው። የመጀመሪያው ፕሮቲን ሽፋኑን ሰንጥቆ ይቆማል፤ ለውጥ ሲያገኝ በራሱ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ፎስፌቱን የሚቀበለው ሁለተኛው ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ አንዳንድ ዘረመሎችን ያበራል፣ ሌሎችን ያጠፋል። ኢ. ኮላይ እንዲህ ያሉ 30 ያህል ጥንዶች አሉት። አፈር ውስጥ በመንጋ እየተንቀሳቀሰ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚያድነው ማይክሶኮከስ ግን ከ100 በላይ ይዟል። ኑሮው የተለዋወጠ ባክቴሪያ ጠባቂው ይበዛል።

ይሁንና ጠባቂ የተባሉት ሁሉ ወደ ውጭ የሚመለከቱ አይደሉም። የኢ. ኮላይ ኤንቭዜድ ፕሮቲን በዙሪያው ያለው ጨው ሲጨምር የሽፋን ቀዳዳዎችን ዓይነት ያስለውጣል። ለረጅም ጊዜ ጨውን የሚለካው ከሽፋኑ ውጭ ባለው ክፍሉ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የሊንዳ ኬኒ ቡድን ሥራዎች ግን በህዋሱ ውስጥ ያለው ክፍል ብቻውን ለውጡን መለየት እንደሚችል አሳይተዋል። ጨው ሲበዛ የህዋሱ ውስጥ ይለወጣል፤ ፕሮቲኑ የሚለካው ይህንኑ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ ቅዝቃዜን የሚለየውም ቴርሞሜትር ስላለው አይደለም። ሲበርድ ስብ ያለበት ሽፋኑ ይጠነክራል፣ ይወፍራልም፤ ዴስኬ የተባለው ፕሮቲን ውፍረቱን ይለካና ሽፋኑን የሚያላላ ኢንዛይም እንዲሠራ ያዝዛል። ዝናብ የመታው ባክቴሪያም ሊፈነዳ ሲቃረብ የሚያድነው የሽፋኑ መወጠር ነው። ውጥረቱ ራሱ በሽፋኑ ላይ ያሉ ቦዮችን ስቦ ይከፍታል፣ በውስጡ የተከማቸው ጨውና ሌላ ቅንጣት ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ሁለቱ ዋና ዋና ቦዮች የተወገዱበት ኢ. ኮላይ ከጨዋማ ወደ ንጹሕ ውኃ በድንገት ሲገባ ይፈነዳል። በዚህ ጉዳይ መለኪያውና ማምለጫው አንድ ናቸው።

ጉዳቱ ራሱ መልእክተኛ ሲሆን

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለሰው ነው። ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ እርምጃ የሚወስደው መቃጠል ሲጀምር ነው፤ የሚገርመው በዚህ መዘግየቱ አለመጎዳቱ ነው።

የሙቀት መከላከያው ታሪክ የተጀመረው ከባክቴሪያ ሳይሆን ከዝንብ ነው። ጣሊያናዊው ፈሩቾ ሪቶሳ በ1962 ባሳተሙት ጥናት፣ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ሲሞቅ በክሮሞዞሞቹ ላይ አዳዲስ እብጠቶች እንደሚታዩ ገለጹ፤ በሙቀቱ ምክንያት ሥራ የጀመሩ ዘረመሎች ነበሩ። ኋላ ላይ ተመሳሳይ ነገር በባክቴሪያም ተገኘ። በኢ. ኮላይ ውስጥ ይህን ሥራ የሚመራው ሲግማ 32 የተባለ ፕሮቲን ነው። በደህና ጊዜ ዕድሜው አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ የተጣመሙ ፕሮቲኖችን የሚያቃኑ ረዳት ፕሮቲኖች ይዘው ለሚቆራርጠው ኢንዛይም ያስረክቡታል። ሙቀቱ ሲጨምር ግን የህዋሱ ፕሮቲኖች መጣመም ይጀምራሉ። ረዳቶቹ ወደ እነዚያ ይሯሯጣሉ፣ ሲግማ 32ም ነጻ ይወጣል፤ ወዲያውም ተጨማሪ ረዳቶች እንዲመረቱ ያደርጋል። ጥገናው ሲጠናቀቅ ሥራ ፈት የሆኑት ረዳቶች ሲግማ 32ን መልሰው ይይዙታል፣ ማንቂያውም ይጠፋል። በዚህ ላይ የሲግማ 32 መልእክት የተጻፈበት አርኤንኤ በቅዝቃዜ ተጣጥፎ ይቆይና በሙቀት ይፈታል። ለዚህ ሁሉ ከውጭ ያለውን ሙቀት የሚለካ ዐይን አላስፈለገም።

የዚህ ዘዴ ጥቅም የሚታየው ሌላ መከራ ሲመጣ ነው። አልኮልም ፕሮቲን ያጣምማል፣ አንዳንድ ከባድ ብረታ ብረትም እንዲሁ። ባክቴሪያው ለእያንዳንዱ የተለየ ጠባቂ ሳያቆም በአንድ ማንቂያ ለሁሉም ይዘጋጃል። ከዚህ በፊት አግኝቶት የማያውቀው መርዝ ቢመጣበት እንኳ ጉዳቱ የታወቀ ዓይነት ከሆነ መልሱ ዝግጁ ነው።

ረሃብም የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ማይክል ካሼልና ጆናታን ጋላንት በ1969 የአሚኖ አሲድ እጥረት የገጠመውን ኢ. ኮላይ ሲመረምሩ ያልጠበቋቸው ሁለት ነጠብጣቦች በሙከራ ወረቀታቸው ላይ አዩ። ነጠብጣቦቹ ፒፒጂፒፒ የተባለ ሞለኪውልና የቅርብ ዘመዱ ሆነው ተገኙ። አሚኖ አሲድ ሲያልቅ አመላላሹ አርኤንኤ ባዶውን ወደ ፕሮቲን መሥሪያው ራይቦዞም ይገባል፤ እዚያ የሚጠብቅ ኢንዛይም ባዶ መምጣቱን አይቶ ፒፒጂፒፒን ያመርታል። ዕድገት ይቆማል፣ አዲስ ራይቦዞም መሥራት ይገታል፣ ያለው ቁሳቁስ ለጥገና ይውላል። ጎተራው መጉደሉ የሚታወቀው ጎተራውን በመለካት ሳይሆን ሠራተኛው ባዶ እጁን ሲመለስ ነው።

ዲኤንኤ ሲሰበርም እንዲሁ። በ1970ዎቹ ኤቭሊን ዊትኪንና ሚሮስላቭ ራድማን በተናጠል ባቀረቡት ሐሳብ፣ የዲኤንኤ ጉዳት አንድ የተቀናጀ የድንገተኛ ጊዜ ሥርዓትን ያስነሣል። በተሰበረው ቦታ ላይ ሬክ ኤ የተባለ ፕሮቲን በነጠላው የዲኤንኤ ክር ላይ ይሰለፋል። ይህ ሰልፍ ሌክስ ኤ የተባለውን ከልካይ ራሱን እንዲቆርጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ የጥገና ዘረመሎች ይከፈታሉ። ከእነዚህ መካከል ጉዳቱን ዘለው የሚገለብጡ፣ ግን ስሕተት የሚያበዙ ኢንዛይሞች ይገኛሉ።

አንድ ዓይነት ጉዳት ለብዙ መከራ መልእክተኛ መሆኑ ሌላ እንቆቅልሽም ይፈታል። በ1956 በአሜሪካ ኦሪገን በጋማ ጨረር የታከመ የታሸገ ሥጋ ተበላሽቶ ሲገኝ ዴይኖኮከስ ራዲዮዱራንስ የተባለ ባክቴሪያ ተለየ። 5,000 ግሬይ ጨረር ይቋቋማል፤ ለሰው 5 ግሬይ ያህል ገዳይ ነው። በተፈጥሮ ምድር ላይ እንዲህ ያለ ጨረር የለም፤ ታዲያ ለምን ተዘጋጀበት? በ1996 ቫለሪ ማቲሞርና ጆን ባቲስታ መልሱ ድርቀት እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ። ጨረርን መቋቋም ያቃታቸው የባክቴሪያው ልውጥ ዝርያዎች ድርቀትንም መቋቋም አልቻሉም። መድረቅ ዲኤንኤን ይሰባብራል፤ ይህን መጠገን የለመደ ጨረርንም ይችላል።

አሲድ፦ ቀስ ብሎ ሲመጣና በድንገት ሲመጣ

በ1984 አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ራሳቸው ጠጥተው የጨጓራ ሕመም እንደሚያመጣ አሳዩ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው በጨጓራ የሚኖረው ዩሪያን ወደ አሞኒያ በመለወጥ አሲዱን እያበረደ ነው። ዩሪያ የሚገባበት ቦይ የሚከፈተው ዙሪያው አሲዳማ ሲሆን ብቻ ነው፤ አሞኒያ ሲበዛበት ደግሞ ራሱን ይጎዳዋልና። ኢ. ኮላይ ሌላ ስልት አለው፦ ግሉታሜት የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲሰብር ወደ ውስጡ የገባውን ፕሮቶን አብሮ ያጠፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሳልሞኔላ ከተባለው ባክቴሪያ የተገኘ ነው። በ1990 ጆን ፎስተርና ሆሊ ሆል ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ፒኤች በተባለው የአሲድነት መለኪያ 5.8 ላይ ጥቂት የቆየ ሳልሞኔላ ቀጥሎ ወደ ፒኤች 3.3 ሲገባ በድንገት ከገባው ይልቅ በብዙ እጥፍ ይተርፋል። የመጀመሪያው ቀላል አሲድ ሳይገድል ያስጠነቅቃል፣ ባክቴሪያውም መከላከያውን ይሠራል።

ይህ ነገር ወጥ ቤታችን ድረስ ይመጣል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ፣ ወተትም እርጎ ሲሆን፣ አሲዱን የሚያመርቱት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ ራሳቸው ከሚያመርቱት አሲድ የሚድኑት ኃይል እያወጡ ፕሮቶንን ወደ ውጭ በመግፋት ነው። ሊጡ ከመጋገሩ በፊት የበዛ ጀርም ቢኖር እንኳ አብዛኛውን ምጣዱ ይጨርሰዋል። እርጎ ግን እሳት ሳይነካው ይጠጣል፤ መኮምጠጡም ቀስ በቀስ ነው። ለአሲድ ቀስ በቀስ የመልመድ ችሎታ ያለው ጀርም ከጥሬ ወተቱ ጋር ገብቶ ከሆነ፣ የሚያስፈልገውን ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ «ኮምጥጧልና አይጎዳም» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ ወተቱን አስቀድሞ ማፍላት ይበልጣል።

በር ዘግቶ መተኛት

ምንም ዓይነት ጥገና የማያዋጣበት ጊዜም አለ። በ1876 ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን የባሲለስ ስፖር ሙቀትን የሚቋቋም የዕረፍት ቅርጽ መሆኑን ገለጹ፤ በዚያው ዓመት ሮበርት ኮክ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ሙሉ የሕይወት ዑደት ከነስፖሩ አሳተሙ። ስፖር ውኃው የተቀነሰ፣ ዲኤንኤው በልዩ ፕሮቲኖች የተሸፈነ፣ በበርካታ ካባ የተጠቀለለ ነው። የፈላ ውኃ አይበቃውም፤ የሕክምና መሣሪያ በ121 ዲግሪ በግፊት ለ15 ደቂቃ የሚታከመው እርሱን ለማጥፋት ነው። ብሪታንያ በ1942 ለጦር ሙከራ የአባ ሰንጋን ስፖር የበተነችበት የስኮትላንድ ደሴት ግሩይናርድ፣ በ1986 በፎርማሊን ከታጠበ በኋላ በ1990 ነው ለሰው ደኅና ተብሎ የታወጀው። ከብቱ በአባ ሰንጋ የሞተበት አርሶ አደር በድኑን አትክፈት፣ አትብላ፣ ጥልቅ ቅበር ወይም አቃጥል የሚባለው ለዚህ ነው። በድኑ ሲከፈት ደሙ አየር ያገኛል፣ ባክቴሪያውም ወደ ስፖር ይለወጣል፤ መሬቱ ለዓመታት ይበከላል።

ስፖር መሥራት ግን ሰዓታት የሚወስድ፣ አንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ የማይመለሱበት ውሳኔ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ በቶሎ አይገባበትም። የረሃብ ምልክቶች በተራ በሚቀባበሉት ፎስፌት አማካይነት ይጠራቀማሉ፤ ገደቡ ሲያልፍ ብቻ ሥራው ይጀመራል። በ2003 የሪቻርድ ሎዚክ ቤተ ሙከራ እንዳሳየው ደግሞ፣ ቀድመው ወደ ስፖርነት ያዘነበሉት መርዝ አውጥተው ያላዘነበሉትን ወንድሞቻቸውን ይገድላሉ፣ በሚፈሰውም ምግብ እየተጠቀሙ ስፖር መሆንን ያዘገያሉ። አንዳንዴ መልሱ የሌላው ሞት ነው።

ሳያውቁ የተኙት

በ1944 ጆሴፍ ቢገር ስታፊሎኮከስን በፔኒሲሊን ሲያክሙ ጥቂቶች አልሞቱም። የተረፉትን መልሰው ሲያራቡ ግን ልጆቻቸው እንደ በፊቱ በፔኒሲሊን ይሞቱ ነበር፤ ስለዚህ መትረፋቸው በዘር የተላለፈ መቋቋም አልነበረም። በ2004 ናታሊ ባላባንና ባልደረቦቻቸው አንድ አንዱን ኢ. ኮላይ እየተከታተሉ ነገሩን አዩት። ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች አንቲባዮቲኩ ገና ሳይመጣ ዕድገታቸውን አቁመው ነበር። አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚመቱት የሚሠራን ማሽን ስለሆነ የተኛውን አላገኙትም። ይህ ስሜት ወይም ማስጠንቀቂያ የሌለበት፣ ከብዛቱ ጥቂቱን ለመጠባበቂያ ማስቀመጥ ነው።

ዘረመልን የሚመለከተውም ጥያቄ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ መልስ አግኝቷል። በ1943 ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ባክቴሪያ ቫይረስን የሚቋቋምበት ለውጥ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት በአጋጣሚ እንደተፈጠረ በቁጥር አሳዩ። በ1988 ጆን ኬርንስና ባልደረቦቻቸው ረሃብ የሚጠቅም ለውጥ እንደሚያበዛ የሚጠቁም ጽሑፍ ባወጡ ጊዜ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። አብዛኛው ተመራማሪ የደረሰበት ስምምነት ባክቴሪያ የሚፈልገውን ለውጥ መምረጥ አይችልም፤ ነገር ግን ሲጎዳ ስሕተት የሚያበዙት ኢንዛይሞች ሥራ ላይ ስለሚሆኑ በጠቅላላው ለውጥ ሊበዛ ይችላል የሚል ነው። የፍሎይድ ሮምስበርግ ቡድን በ2005 ሌክስ ኤ እንዳይቆረጥ የተደረገ ኢ. ኮላይ በአይጦች ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለተባለው አንቲባዮቲክ መቋቋምን እንደማያዳብር አሳየ። የጉዳት ማንቂያው ወደ ሦስተኛው መልስ የሚያሸጋግር በር እንደሆነ ይህ ግልጽ አደረገ።

መላመድ የሚያበቃበት ድንበር

እስካሁን የተነገረው መከራ መጥቶ ለሚሄድባቸው ነው። ለሌሎች መከራችን ቤታቸው ነው። ቶማስ ብሮክና ሃድሰን ፍሪዝ በ1969 ከየሎስቶን ፍል ውኃ የገለጹት ተርመስ አኳቲከስ በ70 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ለሰው በሚመች ሙቀት አያድግም። ዛሬ በቤተ ሙከራ ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ በአብዛኛው የቆመው በእርሱ ኢንዛይም ላይ ነው። በስምጥ ሸለቋችን የጪቱና የሻላ ሐይቆች ፒኤች 10 አካባቢ ነው፤ በጪቱ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውና ፍላሚንጎን የሚመግበው ስፒሩሊና በዚያ ይበለጽጋል።

ድንበሩ የት ነው የሚለውን ለመፈተን ከአፋሩ ዳሎል የተሻለ ስፍራ ማግኘት ይቸግራል። ሙቀት፣ ጨውና ፒኤቹ ወደ ዜሮ የሚወርድ አሲድ በአንድ ኩሬ ይገናኛሉ። በ2019 ሁለት ቡድኖች የተቃረነ ውጤት አሳተሙ። የስፔኑ ፌሊፔ ጎሜዝ ቡድን በዳሎል ክምችት ውስጥ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በፈረንሳይ የሚሠሩት የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን ደግሞ በአካባቢው ጨዋማ ውኃዎች አርኬያ የተባሉ በርካታ ተሕዋስያን ቢያገኝም፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎችና ማግኒዚየም በበዛባቸው ሐይቆች ሕይወት እንደሌለ ደመደመ፤ ሕይወት የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ማሳሳት እንደሚችሉም አስጠነቀቀ። የጸሐፊው ሚዛን ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ናሙናው ሰፊ፣ ማጣሪያውም ብዙ ነበርና። ትምህርቱ ደግሞ አንድ ነው፦ ሙቀትን ብቻ፣ አሲድን ብቻ፣ ጨውን ብቻ የሚችል አለ፤ ሁሉን በአንድ ላይ የመቻል ዋጋ ግን ህዋሱ ከሚያመርተው ኃይል ሊበልጥ ይችላል። ማግኒዚየም ሲበዛ ደግሞ የሕይወት ሞለኪውሎች ራሳቸው ይፈታሉ፤ ያን ጊዜ ጉዳቱን የሚያሳውቀው መልእክተኛም ይሞታል።

ለሕክምናና ለጥንቃቄ ምን ይነግረናል?

ባክቴሪያ ከጉዳቱ የሚማር ከሆነ፣ ለእኛ አደገኛው ግማሽ ጉዳት ነው። የማይገድል አንቲባዮቲክ መጠን የዲኤንኤን ማንቂያ ያስነሣል፣ በአንዳንዶቹም እርስ በርስ ተጣብቀው መድኃኒት በቀላሉ የማያሸንፈው ባዮፊልም እንዲሠሩ ያደርጋል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ጥቂት ፍሬ ገዝቶ መዋጥ፣ ለዶሮና ለከብት ማደለቢያ ትንሽ ትንሽ መስጠት፣ በረኪናን ከልክ በላይ ማቅጠን፣ ሁሉም ያንኑ ያደርጋሉ፤ ሳይገድሉ ያስጠነቅቃሉ።

በሌላ በኩል የተኛውን የሚገድለው መጠን ሳይሆን ጊዜ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ኦክስጅን ሲያጣ ዕድገቱን ገትቶ ይቆያል፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር የሚፈጀው በከፊል ለዚህ ነው። ከዚህ ተነሥቶ መድኃኒት ማስረዘም ለሁሉም በሽታ ይበጃል ማለት ግን ስሕተት ነው። በብዙ ተራ ኢንፌክሽኖች አጭር ሕክምና ከረጅሙ እኩል እንደሚሠራ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ቁም ነገሩ በሽታው የተኙ ባክቴሪያዎች የሚደበቁበት መሆን አለመሆኑን ሐኪሙ ማወቁ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ተስፋ ሰጪ መንገድ ባክቴሪያውን የሚገድል ሌላ መርዝ መፈለግ ብቻ አይደለም። ማንቂያውን ማፈን፣ ማለትም ሬክ ኤን፣ ፒፒጂፒፒን ወይም ጥንድ ጠባቂዎቹን ከሥራ ማውጣት፣ ያሉንን መድኃኒቶች ዕድሜ ሊያራዝም ይችላል። የምርምሩ ድክመት ደግሞ እነዚህን ሥርዓቶች በብዛት ያጠናው አንድ መከራ ብቻ ለይቶ፣ በተትረፈረፈ ምግብ ባደጉ ጥቂት ዝርያዎች ላይ መሆኑ ነው። በእበት፣ በወንዝና በጨጓራ ግን ረሃብ፣ ብርድና አሲድ ተከታትለው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ያዘጋጃል። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ወይም ማጽጃ ሲፈተን መጠየቅ ያለበት «ስንቱን ገደለ?» ብቻ መሆን የለበትም። «ያልሞተውን ምን አስተማረው?» የሚለውም አብሮ ይለካ።